ውሃ አይፈታውም

አሞራ ገደል ላይ፣ ከጀልባዎቹ ሥር፣
አባ ኮዳ አንጀት በሚለቅምበት ዳር፣
ሃንካርሶ ይቀመጣል። ቆሮሶ ሲበልቱ
እሾህ የወጋቸው ልጆች፣ ገና በንጋቱ፣
ይሰለፋሉ፣ አብጦ መዳፋቸው።
ሥሩን ይወቅጣል፤ በቅቤ ያሽላቸዋል፤ ዝም ብሎ ይቀባቸው።
ከሦስት ቀን በኋላ ልጁ ይመለሳል፣
በዳነው መዳፉ ቢላውን ይስላል።

እኔ ደብተር ይዤ፣ በባጃጅ ተጉዤ፣
ቆምኩኝ ከፊቱ፣ ባለማኅተም ደብዳቤ መዝዤ።
አላነበበውም። አየኝ። ሥሩን ሰጠኝ።
«ስሙን አትጻፊ» ብሎ አስጠነቀቀኝ።
«ደግሞ ውሃ አይፈታውም።»
ይኼንንም ጻፍኩት፤
ጽፌም ዘለልኩት።

በጥላ ደረቀ። ተፈጨ። ተነፋ።
ሄክሴን አፈሰስኩበት፣ ሰሙ እንዲጠፋ።
(የቅኔ አስተማሪያችን ይል ነበር፦ መጀመሪያ ሰሙ ይገፈፋል፣
ወርቁ ከሥር ተኝቷል፣ ለታገሠ ይተርፋል።)
የተገፈፈውን ቡናማ ቅባት ብልቃጥ ውስጥ ከተትኩት፣
«ቆሻሻ» ብዬ ጻፍኩበት፣ ከማቀዝቀዣው ጥግ ወተፍኩት።

ቀጥሎ ሜታኖል። ሦስት ሌሊት ማናወጫው ሲያናውጥ፣
በመጨረሻው ሌሊት መብራት ሄዶ ትነቱ ሲቋረጥ፣
ሽብሩ፣ የላብራቶሪው ሰው፣ ክብሪት ሊጭር ሲል፣
«ሜታኖል ነው!» ብዬ ጮህኩ፣ እጄ ብርጭቆ ሲጥል።
በጨለማ ሣቅን።

ከዚያ ያ ረጅም የመስታወት ዓምድ፣ ነጭ ሲሊካ የሞላው።
ጠብታ። ጠብታ።
አረንጓዴው ቸኮለ፤ ቀዩ ቀረ ወደ ኋላ፤
መሃል ላይ አንድ ብጫ፣ ጥርት ያለ፣ ሌላ።
«ወርቁ!» አልኩ፣ ብቻዬን፣ በዚያ ሌሊት፤
ጠርሙሱን ታቅፌ አደርኩ፣ እንደ አራስ፣ እንደ እናት።

ባክቴሪያው በሳህን፣ በአጋር ላይ ተዘራ።
ወርቄን ጨመርኩበት።
ባክቴሪያው አደገ፣ በላ፣ ጠገበ፣ ኮራ፣
ከዳር እስከ ዳር። የጠራ ክብ ፈለግኩ፤ የለም።
ወርቄ ጌጥ ነበረ እንጂ መድኃኒት አልነበረም።

ሁለት ሳምንት ከሰው ሸሸሁ። ከዚያ ሄድኩ ሐይቁ ዳር፣
ያለ ደብተር፣ ሃንካርሶን ከጀርባው ላየው ብቻ፣ ሥራ ፈትቼ።
አውራ ጣቱ የተሰነጠቀ ልጅ መጣ። ሥሩን ወቀጠ።
የውሃ ጀሪካን አጠገቡ ነበረ፤ አልነካውም።
ጣቶቹን ቅቤ ውስጥ ነከረ፣
ያን ጊዜ ነው የዘለልኩት ቃል ጆሮዬ ላይ የሰፈረ።
ቅባትን ቅባት ይፈታዋል።
የጣልኩት ቅባት ነበረ።

ማቀዝቀዣው ጥግ፣ ከአንድ ሰው ምሳ ዕቃ ጀርባ፣
«ቆሻሻ» ይላል አሁንም፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ፤
ረግቶ ጠበቀኝ፣ እንደ ተረሳ ጧፍ።
በማግስቱ ሳህኑ ላይ ክብ ወጣ፣ ጥርት ያለ፣
ጨረቃ የሚያህል —
አልዋሽም፣ የሃያ አምስት ሳንቲም ያህል ነው፤ ግን አለ።
ለቅኔ አስተማሪዬ አሁን ምን ብዬ ልጻፍለት?

እንደገና ዓምድ። እንደገና ጠብታ።
አሥራ አንድ ሚሊግራም ነጭ ደቃቅ፣ በክረምቱ ማብቂያ ላይ።
አዲስ አበባ ላክሁት። አራት ወር። ከዚያ ወረቀቱ መጣ፣
ሾጣጣ መስመሮች፣ እያንዳንዱ ሃይድሮጅን
ጎረቤቱ ማን እንደሆነ የተናዘዘበት።
ቆጠርኩ፤ ሃያ ካርበን፣ ሦስት ቀለበት፣
አንድ ኦክስጅን እንደ በር እጀታ የወጣበት።
ስምም አገኘሁለት፣ በቁጥርና በሰረዝ የተቀጣጠለ፣
አንድ ትንፋሽ የማይበቃው።

ብልቃጧን ለሃንካርሶ ወሰድኩለት። በፀሐይ አያት።
አሸተታት። መለሰልኝ።
«ይኼ አንድ ጥርሱ ነው» አለ፤
«ነቅለሽ መጣሽ። ሌላው አካሉ የት አለ?»
ስሙን ልነግረው አፌን ስከፍት
በቅቤ እጁ ጆሮውን ሸፈነ።
ከኋላዬ የቆመው ልጅ ገፋ አድርጎኝ አለፈና
መዳፉን ዘረጋ።